ጉዳት፦ የለውም

በሰኔ ነው የሄድኩ። የቦሳ ቂጦ ጭቃ ጫማዬን ይጎትታል፤
ፎርሙ በላስቲክ ተጠቅልሎ ብብቴ ሥር ነው፣ ጫፉ ግን ረጥቧል።
ሻምሲያ በርጩማ አቀረበች። "ከሆስፒታል ነህ?" አለች።
"ከዩኒቨርሲቲው" አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች፤
ለእሷ አንድ አጥር ነው፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ በር፤
ልጇ ገብቶ የቀረበት፣ እኔ የወጣሁበት በር።

አነበብኩላት፣ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ እያዞርኩ፤
"ጥናቱ ስለ ሐዘን ነው፤ መሳተፍ በፈቃድዎ" አልኩ።
"እምቢ ማለት እችላለሁ?"
"ይችላሉ።"
"ታዲያ በዚህ ዝናብ ለምን መጣህ?"
ለዚህ ወረቀቱ ላይ መልስ የለም።
ዝቅ ብሎ "ጉዳት፦ የለውም" ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ "ጥቅም"፦
አንድ ሳሙና፣ መቶ ብር፣ ለሳይንስ የሚበጅ እውቀት።
አውራ ጣቷን ሐምራዊ ቀለም ነክራ አተመችበት።

ሃያ አንድ ጥያቄ፤ መልሱ ከዜሮ እስከ ሦስት።
"ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣ እንቅልፍ?"
"ሦስት።"
"ምግብ?"
"ያልበላሁት በጾሙ ይሁን በእሱ፣ እንጃ።"
"እንጃ" የሚል ሳጥን የለም፤ ሁለትን አከበብኩ።
ዘጠነኛው "መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል?" የሚለው ነው።
ዝም አለች፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ነው የሚያወራው።
ከዚያ የልጇን ስም ጠራች።
ስም አይጻፍም፤ እሷ ቁጥር ናት፣ መቶ አርባ ሰባት።
እጄ ግን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፈችው፣ ሳላዛት።
አለቀሰች። መመሪያው "ካለቀሱ ቆም በል" ይላል፤
ለስንት ደቂቃ፣ አይልም።
ሰዓቴን አየሁ።

ሰዓት ማየት የለመድኩት አይጦቹ ቤት ነው።
ብርጭቆው ረጅም፣ ውኃው ጥልቅ፤ ጅራቷ ወለሉን አይነካም።
ትዋኛለች። ግድግዳውን ትቧጥጣለች። ግድግዳው አይጨበጥም።
ከዚያ ትተወዋለች፤ አፍንጫዋን ብቻ አውጥታ ትንሳፈፋለች፤
ያቺ ሰከንድ "ተስፋ መቁረጥ" ተብላ በእኔ እጅ ትጻፋለች።
ጋሽ በዳሶ ፎጣውን ይዞ ጎኔ ቆሞ
"ኧረ አልቆረጠችም" ይላል፣
"ጉልበቷን እያስቀመጠች ነው፤ ሰው እየጠበቀች።"
ስም ማውጣት ክልክል ነው፤ እሱ ሁሉንም "እሜቴ" ይላቸዋል።
በስድስተኛው ደቂቃ ያወጣታል፣ ሆዷን ያደርቃል፣
ከደረቱ ለጥፎ ትንፋሹን ያውሳታል።
ፈቃዷን የጠየቀ የለም፤ የምታትምበት አውራ ጣት የላትም።
እናቴን ከሦስት ወር አልጋ ያስነሳት ኪኒን ግን
ከእንዲህ ያለ ውኃ ነው የወጣው፤ ይሄን አልክድም።
ስለዚህ መራገም አፌ አይችልም፤
መመረቅም።

ሐምሌ ላይ፣ ሐሙስ፣ ከሂርማታ ገበያ ስትመለስ
ቢሮ መጣች፤ ዘንቢሏን በሩ ሥር አስቀመጠች።
ጣቷ ላይ ቀለሙ ለቋል።
"'በማንኛውም ጊዜ መተው ይችላሉ' ያልከኝ አንተ ነህ" አለች።
"ሁሉን እንሰርዝ?"
"ሦስቱንም ሁለቱንም ውሰዱት፤ ለሌላ እናት ከሆነ ይሁን።
የልጄን ስም ግን መልስልኝ።
ያን ዕለት አመለጠኝ እንጂ አልሰጠሁህም።"

ማህደሩን ከፈትኩ። ማንበብ አትችልም፤
"ይሄ ነው?" ብላ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብላ፤
ላጲሱን ከእጄ ወስዳ ራሷ አጠፋችው።
ፍርፋሪውን እፍ አላለችውም። በመዳፏ ጠርጋ
በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው፤ ዘንቢሏን አነሳች፤ ሄደች።

ጥናቱ አልቋል። መቶ አርባ ሰባት ሠንጠረዡ ውስጥ አለች፣
ድምር፦ አርባ አራት።
ወረቀቱ ግን ኅዳጉ ላይ ሳስቷል፤
ወደ መስኮት ስታነሳው በዚያ በኩል
ብርሃን ያሳልፋል።