አልተገኘም

መጥሪያ አድራሽ ነኝ፤ ሥራዬ ደጅ ማንኳኳት፣
ስም ያለበት ወረቀት ይዞ ባለ ስሙን ማግኘት።
ለተጣሉ ባልና ሚስት፣ ለድንበር ገፊ ጎረቤት፣
ለሞተም ሰው አድርሻለሁ፣ ሳላውቅ ገብቼ ለቅሶ ቤት።

ይኼኛው ግን ሌላ ነው።
«ተከሳሽ» ከሚለው ጎን የተጻፈው የሰው ስም አይደለም፤
አባት የለው፣ አያት የለው፤ ፓርቲ ነው፣ ከነማኅተም።

ከቃሊቲ ማዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ ወረድሁ፤
ሚኒባሱ አቧራ አልብሶኝ ዞረ፤ ብቻዬን ቆምሁ።
ጤፍ በነበረ መሬት ላይ፣ ብረቱ እንደ ጎድን አግጦ፣
አሥራ ሁለት ምሰሶ ቆሟል፣ ሰማይ ሰማዩን አንጋጦ።

ኦቦ ፈዬራ ነበሩ የመሬቱ ባለቤት፤
«ለጤና ጣቢያ ነው አሉኝ፤ ፈረምሁ በአውራ ጣት።
ሲሚንቶው መጣ፣ ሲሚንቶው ሄደ፣ ቲሸርት ሆኖ ተመለሰ፤
አንዱን ይኸው የልጅ ልጄ ለቀን ሥራ ለበሰ።»

የታሰረ አንድ ሰው አለ፣ ገንዘብ ያዡ እንዳሻው፤
ቼኩ ላይ ያለው ፊርማ፣ እውነት ነው፣ የሱ ነው።
ስምንት ዓመት ሲፈረድበት፣ ቀና ብሎ ዳኛውን አየ፦
«እጁስ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ሆዱ ግን ወዴት ተለየ?»

ማታ ማታ ሕግ እማራለሁ። መምህሩ ሲያስረዳን፦
አንዱ አገር ፓርቲን ይቀጣል፣ ካዝናው እስኪራቆት ድረስ፤
አንዱ ስሙን ይፍቃል ከመዝገብ፣ ዳግም ምርጫ እንዳይደርስ፤
አንዱ ደግሞ «ነፍስ የሌለው ኃጢአት የለውም» ይላል፣
ሊቀ መንበሩን ያስርና ወንበሩን ወልውሎ ያስቀምጣል።

እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ የማስበው ሌላ ነው፦
ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ፣ በነጠላ ጫፍ ታስረው፣
አብረው በልተው፣ አብረው አድረው፣
ዳኛ ፊት ይደርሱ ነበር ተቆራኝተው።
ኦቦ ፈዬራን ከማን ጋር፣ በየትኛው ጫፍ ልቋጥራቸው?
ያ ድርጅት ያለው ልብስ ቲሸርት ነው፤
እሱም ያለው በቤታቸው።

ጽሕፈት ቤቱ ሰማያዊ በር። ዘበኛው ሸዋንግዛው።
«ሊቀ መንበሩ?» «እሳቸው ሰው ናቸው፤ ፓርቲው አይደሉም።»
«ጸሐፊው?» «ተቀጣሪ ነው።» «አባላቱስ?» «ዛሬ የሉም።»
«ታዲያ ፓርቲው የት ነው?» ራሱን አከከና፣
«ምርጫ ሲደርስ ይመጣል፤ እስከዚያ አይታይምና።»

ካልተገኘ በሩ ላይ ይለጠፍ፣ ይላል ሕጉ።
ለጠፍሁት። ሙጫው ሳይደርቅ ወጣት ቀለም ቀቢ መጣ፣
መሰላሉን አስደግፎ ከወረቀቴ በላይ ወጣ፤
የድሮውን ስም በነጭ ቀባ፣ በላዩ አዲስ ስም ጻፈ፤
ከብሩሹ ያመለጠ ጠብታ መጥሪያዬ ላይ አረፈ።
«የድሮው ፈርሷል» አለኝ፤ «ይሄ ትናንት ነው የተወለደው፤
ጥርስ እንኳ አላወጣ፤ በምኑ ይበላል የሰው?»

መመለሻው ላይ የምጽፈው ሁለት ቃል ነው፣ የለመድሁት፦
«በአድራሻው አልተገኘም»። እስክሪብቶውን አወጣሁት።
ኦቦ ፈዬራ ምሰሶው ጥግ ቆመው ያዩኛል፤
እንዳሻው ቃሊቲ ውስጥ ሁለተኛ ዓመቱን ይቆጥራል።

ጻፍሁ፦
«ተከሳሽ በአድራሻው አለ።
ስሙን ሲቀይር ደርሼበታለሁ።
ቀለሙ አልደረቀም።»