ልብ አውልቅ

ሄር ኖይበርት ይባላል፤ ላይፕዚግ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ።
የተዋወቅነው በሰላምታ አይደለም፤
በሬ ላይ በለጠፋት ወረቀት ነው፦
«የልጅ ጋሪ ደረጃ ሥር ማቆም ክልክል ነው።»
ነጥቧ ሳትቀር፣ ቀኗ ሳትቀር።
በሳምንቱ ሌላ፦ «እሑድ ልብስ ማጠብ ክልክል ነው።»
ለእንዲህ ያለው ሰው ቋንቋዬ ስም አለው፤
ልብ አውልቅ፣ እላለሁ በጥርሴ መሃል፣
አማርኛ አይሰማም ብዬ።

መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስል፣ እዚህ ያለዚያ አይሰጡም፣
አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተንበርክኬ
እግር በሌላት፣ ክንድ በሌላት የፕላስቲክ ሴት ደረት ላይ ዋልኩ።
መምህሯ ፍራው ሲግሪት፣ ጡረታ የወጣች የአምቡላንስ ሠራተኛ፣
ድምፅዋ በሲጋራ የሻከረ፣
«ጠንከር! በመዳበስ ሰው አይነሣም!
መዳፍ ደረቱ መሃል፣ ክንድ አይታጠፍ፣
ሠላሳ ጊዜ። ከዚያ ሁለት ትንፋሽ። ከዚያ እንደገና።
አጥንት ቢሰበር ይጠገናል» ትላለች።
ሳቅን። አንዱ ሶርያዊ ልጅ አሻንጉሊቷን ለትዳር ጠየቃት።
እኔ የምሳ ሰዓት እቆጥር ነበር።

ኅዳር ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
እሱ ዳቦ ይዞ ሲወጣ፣ እኔ ጋሪ ይዤ ስወርድ፣
«ጋሪው…» አለ፤
ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም።
እሱ! ነጥብ የማትቀርበት!

ዳቦው ቀድሞ ወደቀ፣ ደረጃ ለደረጃ እየነጠረ። ከዚያ እሱ።
ጠራሁት። ትከሻውን ነቀነቅሁ። ጆሮዬን አፉ ላይ ደፋሁ።
አንዴ እንደ ማንኮራፋት አለ፤ «ያ ትንፋሽ አይደለም፣ እንዳያታልላችሁ» ብላን ነበር።
ከዚያ ዝም።
ልቤን ሲያወልቅ የኖረ ሰው
የገዛ ልቡ ወልቃበት ተጋደመ።

ስልኩን ወለሉ ላይ ከፍቼ ተንበረከክሁ።
የቆጠርሁት በአማርኛ ነው፤
ጀርመንኛ ሃያ አንድን «አንድና ሃያ» ብሎ ከጭራው ይጀምራል፣
ለጭራ ጊዜ አልነበረኝም።

አንድ ሁለት ሦስት አራት፥ ተጫን ልቀቅ ተጫን፤
ተነሥና ስደበን፥ ጻፍብንና ተቆጣን!
ስምንት ዘጠኝ ዐሥር፥ ላቤ ባፍንጫው ላይ፤
ማን ይመጣ ይሆን፥ ከታች ነው ወይ ከላይ?
ዐሥራ አምስት ላይ ቀጭ አለ፥ ከመዳፌ በታች፤
ፕላስቲኳማ ሴት፥ እንዲህ መቼ ጮኸች?
ይቅር በለኝ አልኩት፥ ሳላቋርጥ ግፊት፤
ለጎድኑ ነው እንጃ፥ ወይስ ለዚያ ሐሜት።

ሠላሳ።
አፍንጫውን ይዤ አፌን ባፉ ገጠምሁ። ጺሙ ወጋኝ።
የሳል ከረሜላ ሸተተኝ።
ደረቱ ከፍ አለ፤ በእኔ ትንፋሽ፣
ማታ ሽንኩርት በበላሁበት ትንፋሽ።
ልጄ ከጋሪዋ ሆና ታጨበጭባለች፣ ጨዋታ መስሏት።

ክንዴ ሲዝል ፍራው ቱየት ከአራተኛ ፎቅ በነጠላ ጫማ ወርዳ
ሳትጠይቀኝ ተቀበለችኝ፤
እሷ በቬትናምኛ ቆጠረች።
ከፋርማሲው አንድ ልጅ ሳጥን ይዞ ሮጦ መጣ።
ሳጥኗ ትናገራለች፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ በርጋታ፦
«ሕመምተኛውን አትንኩ።»
ሁላችንም እጃችንን ወደ ላይ አነሣን፣
እንደ ምርኮኛ።

አምቡላንሱ በዘጠነኛው ደቂቃ ደረሰ። ወሰዱት።
ይኑር አይኑር ማንም አልነገረኝም።
ዳቦውን አንሥቼ በከረጢት በሩ እጀታ ላይ አንጠለጠልኩለት፤
ሌላ ምን እንደሚደረግ አላውቅማ።
ሻግቶ እስኪጣል ድረስ ባለፍሁ ቁጥር አየዋለሁ።
ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያሉት
ጎረቤት ምረጡ አላሉም።

በየካቲት፣ ምርኩዝ ይዞ፣ ታች በሩ ጋ አገኘሁት።
አላመሰገነኝም። ሁለት ጣቱን አነሣ፦
«ሁለት ጎድን» አለ።
ቀጥሎ ጋሪውን አየ። አየ። ዝም አለ።

አሁን አብረን ደረጃ እንወጣለን፤
እሱ ከፊት፣ እኔ ልጄን አዝዬ ከኋላ፣
በሆዴ እየቆጠርሁ።
ሠላሳኛው ላይ ይቆማል። እኔም እቆማለሁ።
አንድ ይተነፍሳል።
ሁለት።
ከዚያ እንደገና።