ድንጋይ ዳቦ ሳለ

ሐዳር ሰፈር፣ ሐይፋ፣ ሊፍት በሌለው ቤት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በነሐሴ ሙቀት፣
እኔና ማስረሻ ገመድ ተሸክመን
የከረንቡላ ገበታ ልናወርድ ወጣን።
እንግሊዝ ሲገዛ፣ መኮንን ሊዝናና
በመርከብ ያስመጣው፤
ጌቶቹ ሲሄዱ፣ ከብዷቸው ነው መሰል፣
ማንም ያላወጣው።

አረንጓዴ ጨርቁን ገፈፍነው እንደ ቆዳ፤
ከሥሩ እንጨት ስንጠብቅ፣ ድንጋይ፣ ጥቁር ሰሌዳ።
አምስት ቁራጭ፤ አንዱ አንድ ወይፈን ይከብዳል፤
እጄን ጣል ባደርግበት፣ በዚያ ሐሩር ይበርዳል።

«ማነው ይሄን የጠረበ?» አለ ማስረሻ ላቡን ጠርጎ።
ባለቤቱ ኤርቪን፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ መነጽሩን አድርጎ
ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ።
«አገሩን አውቃለሁ» አለ። «ዌልስ። ሰማዩ እንዳለቀሰ
የሚመሽበት።»

አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከበርሊን በባቡር፣
ከዚያ በመርከብ፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ባቡር፣
ብቻውን ተልኮ የደረሰበት መንደር
ጣሪያው ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ የሙታን ራስጌ ድንጋይ፣
ተማሪም ፊደል የሚጭርበት ያው የሰሌዳ ድንጋይ።

ተራራውን ከሆዱ ጀምረው ነው የበሉት፤
ሰንሰለት በጭናቸው ጠምጥመው፣ ጨለማ ላይ ተንጠልጥለው፣
ሻማውን እንኳ ከገዛ ደመወዛቸው ከፍለው።
ድንጋዩ፣ በመሮ ጫፍ ሲነኩት፣ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤
ገጹ ባዶ ነው፤ ብናኙ ግን ሳንባ ላይ ይጽፋል።

እኛ ዘንድ «ድንጋይ ዳቦ ሳለ» ሲባል፣ ተረት ሊጀመር ነው፤
እነሱ ዘንድ ዳቦው እውነት፣ የሚቆርሰውም ጌታው ነው።

አንድ ቀን ጌታው ቁራሹን አሳነሰ፤
ሰዉ መሮውን ጥሎ ወጣ፤ አድማው ሦስት ክረምት ደረሰ።
በየመስኮቱ ወረቀት፦ «በዚህ ቤት ከሃዲ የለም።»
በሦስተኛው ክረምት አንድ አባት፣ ልጁ በሳል ስትደክም፣
ወረቀቱን ቀደደ። ተመለሰ ወደ ጉድጓዱ።
ልጅቱ ዳነች።
አልረሳም መንደሩ፣ ባለሱቁ፣ ቄሱ፣ ዘመዱ፤
ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ
ከጎኗ ማንም አልተቀመጠም።

«እና» አለ ኤርቪን፣ «ይሄን የባዕድ ልጅ ማን ያሳድር ሲባል፣
ሰዉ ጫማውን ሲያይ፣
እጇን ያነሳች እሷ ናት። ብሎድወን።
ሾርባ ሰጠችኝ። ስሜን አልጠየቀችም እስኪነጋ።»

ዝም አልኩ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤
ቀን ማረሻ ገዝተውት፣ ማታ «ቡዳ» ብለው በር
የሚዘጉብን ጎረቤቶች ነበሩን።
አልነገርኩትም ለኤርቪን።
ደረጃው ይጠብቀን ነበር።

አራቱን አወረድን። ቴል አቪቭ ያለ መጠጥ ቤት ባንኮኒ ሊያደርጋቸው ገዝቷል፤
ማስረሻ በየደረጃው የእንግሊዝን ንጉሥ ይራገማል።
አምስተኛው ጋ ስንደርስ ኤርቪን እጁን ጫነበት።
«ይሄ ይቅር» አለ።
ለምን? አላልነውም። የአምስቱን ከፈለን።

ከመውጣቴ በፊት፣ በላብ በራሰ ጣቴ፣
ሰሌዳው ላይ አንድ ስም ጻፍኩ፤ የአባቴ።
ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነውና
ቶሎ አልደረቀም።