ገበር

መጽሐፉን ያነበበችልኝ ሞዛ ናት፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ፣
እኔ ፀጉሯን ስጎነጉን፣ ፊደል ስትከተል በጣቷ።
አረብኛዬ የኩሽና ነበር፤ «አምጪ»፣ «ውሰጂ»፣ «ቶሎ በይ»፤
«መሐላ»ን፣ «ንግሥት»ን፣ «ጥላ»ን ከሷ ነው የተማርኩት፣ ፎቅ ላይ፣
ኤሲው እያጉረመረመ፣ ከመስኮቱ ማዶ ራስ አል ኸይማ
መብራቷን ለባሕር አበድራ፣ የልጅቷን ድምፅ ብቻ ስሰማ።

ታሪኩ ስለ አንዲት ከተማ ነው፣ ሰው ጥላውን የሚሸጥባት፣
እኩለ ቀን ላይ ገበያው ቆሞ፣ በዕንቁ የሚመነዘርባት።
ንግሥቲቱም የራሷን ሸጣ፣ ፀሐይ ስትወጣ ትሸሻለች።
እና ገጽ ዘጠና ላይ አንድ ሽማግሌ አለ፣
ጥላ ሰፊ።
የተቀደደ ጥላ ሲያመጡለት፣ ክሩን በምራቁ አርሶ፣
ከተረከዝ ጀምሮ ይጠቅማል፣ ዋጋ ሳይጠይቅ፣ አጎንብሶ።
እዚህ ስትደርስ ሞዛ ድምጿን ትቀንሳለች፤
እኔም የጀመርኩትን ጉንጉን እረሳዋለሁ።

ዓመታት አለፉ። ሌላ ካፊል፣ ሌላ ኢቃማ።
አሁን ናኺል ሰፈር፣ ማስተር ኢርፋን ሱቅ ውስጥ
ከአምስቱ መኪና አንዷ የኔ ናት። አባያ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ።
ዘርትሁን አፉ አልገባ ብሎት «ዛራ» ይለኛል።
«ዛራ፣ ሥራ መጣ!» አለኝ አንድ ጠዋት፣ ወረቀት ይዞ፤
ፊልም ነው፣ ጀዚራ አልሐምራ፣ ሰው ጥሎት በሄደው መንደር፤
የንግሥት ካባ፣ ሦስት ቅጂ፦
አንዱ ለመልበስ፣ አንዱ ለመውደቅ፣ አንዱ ለመቃጠል።
ሥዕሉን አየሁ። ከእግሯ ሥር ምንም የሌላት ሴት።
አወቅኳት።

ለልክ ወሰዱኝ፤ ከዛጎል ድንጋይ በቆመ ግድግዳ መሐል፣
አርባ ስድስት ዲግሪ፣ አሸዋው ጫማ ውስጥ ይገባል።
ከተዋናይቷ ኋላ አንድ የኬራላ ልጅ ጥቁር ጥላ ዘርግቷል።
ጥላዋን ለሸጠች ንግሥት፣ ጥላ ተቀጥሮላት ቆመ፤
ብቻዬን ሳቅኩ። ለማን ልንገር? ቀልዱ ባማርኛ ብቻ ነው የጣመ።

«ጥላ ሰፊውስ?» ብዬ ጠየቅኳት የልብሱን ኃላፊ።
«ተቆርጧል» አለች፣ ሰዓቷን እያየች፣
«ሁለት ሰዓት ለሁሉም አይበቃም።
ንግሥቲቱ ራሷ ትጠግነዋለች፣ በብርሃን፣ በኮምፒውተር፤
ቁጭ ብሎ የሚሰፋ ሰው ለካሜራ አይሆንም።»

አልተቆጣሁም። መቁረጥ ሥራዬ ነው፤ ሙሉ ጣቃ ሰው አይለብስም፤
መቀስ ያልነካው ጨርቅ፣ ጨርቅ ነው እንጂ ልብስ አይባልም።
መጽሐፍም ጣቃ ነው፣ ይገባኛል፣ ለአንድ አካል ልክ ይወጣል፤
ግን እኛ ስንቆርጥ ለስፌቱ አንድ ጣት እንተዋለን፤
ያ ጣት ከሌለ፣ የለበሰው የወፈረ ለት ይተረተራል።

ያን ሌሊት ከካባው ገበር ውስጥ፣ ከግራው ብብት ሥር፣
ሽማግሌውን በቀይ ክር ሰፋሁት፣ ከነጉብጠቱ፣ ከነመርፌው፣
በሦስቱም ላይ፤ በሚቃጠለውም ጭምር።
ማስተር ኢርፋን ጠዋት ገልብጦ አየ። ዝም አለ። ቆይቶ፣
«የክሩን ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ» አለና
ከረክ ሻይ አዘዘልኝ፣ ትልቁን ብርጭቆ።

ፊልሙ ወጣ። አርብ ማታ፣ የሞሉ ሲኒማ፣ ሦስተኛው ረድፍ።
ንግሥቲቱ ስትሮጥ ነፋስ ካባዋን ገለበጠው፤
ቀይ ነገር አየሁ፣ ወይም ያየሁ መሰለኝ፣
ጎኔ ያለው ሰው ፈንዲሻ ሲዘግን አለፈ።

ስወጣ ስልኬ ላይ የሞዛ ድምፅ። አል ዐይን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤
ስትናደድ ግን ያው ዘጠኝ ዓመቷ ነው።
«አየሽው? የለም! ገጽ ዘጠና የለም! እንዴት እሱን ይተዉታል?»
ታክሲ ማቆሚያው ጋ ቆምኩ። መብራቱ ከኋላዬ ነው፤
ጥላዬ ረዝሞ አስፋልቱ ላይ ወድቋል፣
መኪና ይሄድበታል፣ ይሄድበታል፣ አይቀደድም።
«አለ» ብዬ ጻፍኩላት።
«ገበሩን እዪ።»