የአጭሯ ቆጣሪ ጭራ

ሹዌክ፣ ከጎማ ቤቶቹ ጀርባ፣
በነሐሴ ቀትር አንድ መርሴዲስ ገባ።
ጥቁር ነው፤ ዕድሜው ከእኔ በሁለት ዓመት ይልቃል፤
ወንበሩ ቆዳ፣ ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል።
ምኑም አላረጀ፣ ከሰዓቱ በቀር፦
ከፍጥነቱ በስተቀኝ፣ በክብ መስታወት ሥር
ሁለት ነጭ ቆጣሪ፣ አንዷ በአንዷ ላይ ተኝታ፣
ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ መሄዱን ትታ።

«ቀይረው» አለ ልጁ፣ ሚሽዓል፣ ስልኩን ሳይዘጋ፤
«ሐሙስ ገዢ ያየዋል፤ የቆመ ሰዓት ይጥላል ዋጋ።»
አባቱ ከኋላ ወንበር አልወረዱም። በትራቸውን ታቅፈው
የሞተውን ሰዓት ያያሉ፣ በትከሻዬ አሻግረው።
ፋኑን ወደሳቸው አዞርኩት።

ጉልዛር ከቁርጥራጭ ተራ አመጣልኝ አንድ ሰዓት፣
ከተጨፈለቀ መኪና፣ ከሌላ ሰው ሕይወት፤
በጋዜጣ ጠቅልሎ። አሥራ ሁለት ዲናር።
«ወላሂ ኦሪጂናል!» ጉልዛር ሲምል አያፍር።

የመኪና ሰዓት መቀየር ቀላል ነው ላላየ።
ያረጀ ዳሽቦርድ እንደ ደረቀ ቂጣ ነው፤ ከነካኸው ተለያየ።
ሁለት ቀጭን መንጠቆ አለኝ፣ ከጃንጥላ ሽቦ የሠራሁት፤
ግራና ቀኝ ሰደድኩና፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ሳብኩት።
ከኋላው የበረሃ አቧራ፣ የላመ እንደ በርበሬ፤
በአቧራው ውስጥ፣ ማን እንደጣለው እንጃ፣ አንድ የቴምር ፍሬ።
ሦስት ብሎን። ካቻቢቴው በላብ አዳልጦኝ ሁለቴ ወደቀ።
አሮጌው ወጣ፤ አዲሱ፣ አዲስ ካሉት፣ ቦታው ላይ ጠበቀ።
ሽቦው ባትሪ ሲያገኝ
ጭጭ።
ቆይቶ፣ ቀጭ።
ደግሞ ቀጭ።

ከዚያ አስተካከልኩት። እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው።
ስምንት ዓመት ኩዌት ኖሮም፣ ስልኬ ሦስት ሲል፣ እሱ ዘጠኝ ነው የሚለው።
ቀን በእኩለ ሌሊት ይጀምራል ቢሉት አይገባው፤
«ሳይነጋ ምን ተብሎ ይቆጠራል?» መልሱ ይኸው ነው።

ሚሽዓል አጎንብሶ አየና «ዘጠኝ?» አለ፣ ሳቀ፤
«የጠዋቱ ነው የማታው?» እኔም ፊቴ ሞቀ።
ይቅርታ ብዬ ልመልሰው ጣቴን ስዘረጋ፣
ከኋላ በትር መጣና ክንዴ ላይ ረጋ።

«ተወው» አሉ ሽማግሌው።
«አባቴ ከባሕር ወለል ዕንቁ ለቃሚ ነበር። የኪስ ሰዓት ነበረችው።
ማታ ማታ ጣሪያ ወጥቶ፣ ጀንበርን ባሕር ሲውጣት፣
አሥራ ሁለት ላይ ያደርጋታል፤ ዕለት ዕለት እንደ አዲስ ሊያስጀምራት።
እኔ ፋኖስ እይዝለት ነበር።
ኋላ ነዳጅ መጣ፤ ሰዓታችንም እንደ ጭቃ ቤታችን ፈረሰ።
ያ ሰዓት እጅህ ላይ፣ ልጄ፣ በየት በኩል ደረሰ?»

ምን ልበላቸው? ወራቤ ብል፣ እሳቸው በሚያውቁት ካርታ የለች።
«ባባ፣ እኛ ጋ አልፈረሰችም» አልኩ፤ «እስከ ዛሬ አለች።»
ዝም አሉ። ሰዓቱ ብቻ ቀጭ፣ ቀጭ።
እንደዚያው ይዘውት ሄዱ፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ።

ረቡዕ ሚሽዓል ብቻውን መጣ።
«አስተካክለው» አለኝ። ድካም እንጂ የለበትም ቁጣ።
«አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይውላል።
ገዢው ግን አያውቅም ይህን፤ ሰዓቱ ተበላሽቷል ይላል።»

አዞርኳት። ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ በአውራ ጣቴ፣ በቀስታ፤
አጭሯ ቆጣሪ አራት ላይ አረፈች፣ የገዢውን ቦታ አግኝታ።
ግን ጭራ አላት፣ አጭሯ ቆጣሪ፤ እንደ ስንዴ ቅንጣት፣
ከመሀሏ ወደ ኋላ የተረፈች፣ ማንም ልብ የማይላት።
እሷ አሥር ላይ ናት።

መስታወቱን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩና ቁልፉን ሰጠሁት።
«ለአባትህ፣ ጭራዋን ይዩ በልልኝ።»
«የምኗን ጭራ?»
ላሳየው ጎንበስ ስል፣ ስልኩ ጠራ።