የደወሉ መዝገብ

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ አስማት አላውቅም፣
ገመዱን ጨብጬ ደወል አልመታም።
ምን እንደቆመልን፣ ማንስ ምን እንዳጣ
እመዘግባለሁ፣ በረዶው ወር ሲመጣ።

ቫልኔራ ይባላል፤ ከአልፕስ ተራራ ብብት
የተወሸቀ መንደር፣ ከኅዳር እስከ የካቲት
ፀሐይ የማትረግጠው። አርባ ሁለት ጭስ፣
አንድ ወፍጮ፣ አንድ ድልድይ፣ ጣሪያው ያጋደለ ቤተ መቅደስ።
ከሁሉም በላይ ያ ነጭ፣ ቁልቁል የሚያየን፣
ስሙን የማልጽፈው፣
ምክንያቱን ቆይቼ የምነግርህ።

ደወሉን የሠራው ጊያኬን ነበር። በሰም ቀረጸ፣
ሰሙን በጭቃ ሸፈነ፣ ጭቃውን በእሳት ጠበሰ።
ሰሙ ቀልጦ በወጣበት ባዶ ቦታ
ነሐስ ጨመረ፤ አልበቃውም፤ በዚያች ማታ
ጎዶሎውን ሊሞላ የገዛ ስሙን አፈሰሰ።
ሰሙም ሄደ፣ ስሙም ሄደ። ወርቁ?
ስንቶች ሊፈቱት ተቀምጠው ደረቁ።
ጊያኬን ብለን ስንጠራው
ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ሕጉ አጭር ነው። ደወሉ ሲመታ ከላይ የሚወርደው ይቆማል፤
የመታው ሰው ግን አንዲት ቃል ይከፍላል።
ተቀባዩ ማን እንደሆነ አይታወቅም።
ዱቤ የለም። መልስም የለም።

ሃያ ክረምት የመታችው ኡርሲና ናት።
ገጹ ይኸው፦
"የካቲት ሦስት፣ ሌሊት። ቆመ። ተከፈለ፦ ጨው።"
ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትወጣ ጣቷን ልሳ ታሳያለች፤
ነጋዴው ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች።
"መጋቢት አሥር። ቆመ። ግራ።"
መንታ መንገድ ላይ መንገደኛ ስትመራ
ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ታዞረዋለች።
"ጥር፣ ሁለት ጊዜ። ማንኪያ። ትናንት።"
"ታኅሣሥ ሃያ። ቆመ። ዱሪ።"

ዱሪ ልጇ ነው። ያን ቀን እንጨት ሊቆርጥ ደን ወጥቶ ነበር፤
ስሙን እየጮኸች ነው ገመዱን የሳበችው።
ያኔ ገባን፤ ደወሉ የሚወስደው በአፍ ያገኘውን ነው።
ቤት ሲገባ "አንተ ልጅ" አለችው።
እናት ስትቆጣ እንዲያ ትላለችና
ሳምንት ሙሉ አልጠረጠረም።
አሁን ጠዋት ጠዋት ስሙን ይነግራታል።
"ደስ የሚል ስም ነው" ትለዋለች፤ "የማን ነው?"

ሹሙ ካስፓር መንደሩን ሰበሰበ፦
"ሸክም ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው፤ ገመዱን እንቀጥል፣
ሁላችን እንሳብ፣ ሁላችን እኩል እንክፈል።
ለምን ጨው? ለምን የልጅ ስም?
ካፋችን የሚለቅም ከሆነ
የምንጠላትን ቃል እናጉርሰው!"
አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ተጽፏል።

ተራራው ገና ሲያጉረመርም አርባ ሁለት ቤት ገመዱን ያዘ፣
የነጩን ስም እንደ እርግማን ጮኸ።
ቆመ። ስንጠጣ አደርን።
"ተከፈለ፦" ብዬ ቀሪውን ልጽፍ ብል
ብዕሬ አልሄደም፤ ቀለሙ ግን ሙሉ ነበር።

በዓመቱ ዱሪ ከላይ እየሮጠ ወረደ።
"መጣ!" አለ።
"ማን?" አልነው።
አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። "መጣ! እሱ! ያ!"
ካስፓር እንግዳ መስሎት
በሩን ከፈተ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

ኡርሲና ብቻ ገባት። ቃል ጎድሎባት የኖረች
በእጅ መናገር ታውቃለች፤
ሕፃናቱን በእጅጌያቸው እየጎተተች ድልድዩን አሻገረች፣
ተመልሳ ገመዱ ሥር ቆመች።
አንዴ ተሰማ።
ነጩ ወፍጮው ደጃፍ ሲደርስ ቀጥ አለ።
ምን እንደከፈለች ጠየቅኋት።
አፌን አፌን አየችኝ፣ ውኃ ሲፈስ እንደሚያይ ሰው።

አሥራ ዘጠኝ ጭስ ቀረን።
የመጨረሻው መስመር ይህ ነው፦
"መጋቢት ሁለት። ሃያ ሦስት ቤት በ………… ተበላ።"
አንተ አንባቢ፣ ከሌላ አገር የመጣህ፣ ቃሉ ያለህ፣
ክፍቱ ቦታ ላይ ጻፍልኝ።
ቀስ ብለህ። አፍህን ሳትከፍት።
ገመዱ ከጀርባዬ ነው።