የእሁድ መንገድ ወደ ጥቁር ውሃ

ሐኪሙ ነው ያዘዘልኝ፣
ከክኒኑ ጋር ደርቦ የጻፈልኝ፤
«እርምጃ» ይላል፣ በዚያ ጠማማ ፊደሉ፣
እንደ ጉንዳን ሰልፍ በሚሄደው ቃሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ፣
የሰው ፋይል ሳገላብጥ አቧራውን ውጬ፣
ልቤ ነው የደከመው፤ እግሬማ አዲስ ዕቃ፣
ከነካርቶኑ የኖረ፣ ከእንቅልፉ ያልነቃ።

ዱካሞን ጠየቅሁት፤ የጀልባ ቀዛፊውን፣
በግራ ጆሮው ብቻ ወሬ የሚሰማውን።
«ለመራመድማ» አለ፣ «ፍቅር ሐይቅ አትምጣ፣
እዚያ ያለው ሰው ነው፣ ፎቶ ሊነሣ የመጣ።
በሰሜን በኩል ና፣ ከጥቁር ውሃ ማዶ፣
ቤቱ ከሚሳሳበት፣ ሜዳው ከሆነ ባዶ።»

ሄድኩ።
በመጀመሪያው እሁድ ጭቃው ጫማዬን በላ፤
በሁለተኛው እሁድ ወባ ትንኝ፣ ከኋላ፤
በሦስተኛው ዘርፌ፣ «መራመድ እንጂ መስመጥ ማን አዘዘህ?» ብላ
ዳቦ ቋጠረችልኝ፤ አስያዘችኝ ጥላ።
በአራተኛው «ቀረሁ» ብዬ ተኝቼ ሳለ
እግሬ ቀድሞኝ ተነሣ፤ «እኔ ልሂድ» አለ።

ሰዉ ለሐይቁ ወር አለው፤ በፋሲካ ይመጣል፣
ዓሣ በልቶ፣ አጥንቱን ለአባ ኮዳ ጥሎ ይወጣል።
እኛ ወር የለንም።

ሐምሌን ልንገርህ፦
ዝናቡ ከታቦር ጀርባ ተነሥቶ ሲገሠግሥ፣
ሐይቁ እንደ ሽሮ ሲንተከተክ፣ ሰው ሁሉ ደጁን ሲመልስ፣
እኔና ዱካሞ ከአንድ ሾላ ሥር ተጠልለን፣
የዘርፌን ጥላ ግማሽ ግማሽ ተካፍለን፣
ዝናቡ ውሃው ላይ ሲጽፍ አየነው፤ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ስጽፍ፣ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?
ቁጥር የማይሰጠው፣ ማኅተም የማያሻው ወረቀት፣
ማንም «ግልባጭ ይሰጠኝ» የማይልበት።

ኅዳር ደግሞ ጉም ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ ሳይነጋ፣
ጀልባችን ቀስ ትላለች፣ ወደ ደንገሉ ጠጋ።
«እስ!» አለኝ ዱካሞ፣ መቅዘፊያውን ገትቶ፤
ፊት ለፊት አንድ ድንጋይ፣ ጥቁር፣ ርሶ፣ ወዝቶ።
ድንጋዩ ተነፈሰ።
ጆሮውን አራገፈ፤
ሰመጠ፣ ተመለሰ፣ እያየን ሰፈፈ።
ያን ጊዜ ልቤ፣ ያቺ በሐኪም የተወገዘች፣
እንደ ጥጃ ዘለለች፣ ደረቴን ነቀነቀች።
«ደኅና ነሽ?» አልኳት ቆይቼ። ደኅና ነበረች።

የካቲት አቧራ ነው፤ ምኑን ላወድሰው?
አፍህን ገጥመህ፣ አንገትህን ደፍተህ ነው የምታልፈው።
ግን በየካቲት ነው ይብራዎች ሲነሡ ያየሁት፤
በአንድ ጊዜ፣ እንደ ታጠበ አንሶላ፣ ሁለት ሰዎች እንዳራገፉት።

ሚያዝያ ላይ መቅዘፊያውን ሰጠኝ፤ «ተራህ ነው» አለ፤
ጀልባዋ ጅራቷን እንደሚያሳድድ ውሻ ዞረች፤ ቀኑ ዋለ።
ከዳር ያሉ ልጆች፣ መረብ የሚጠግኑ፣
«አባባ፣ መሬቱ በዚህ ነው!» ብለው በሳቅ ባከኑ።
አልተቀየምኩም። በስልሳ ሁለት ዓመት፣
ገና ያልቻሉት ነገር መኖሩ፣ ምንኛ ሀብት!

ሐኪሙ ተዛወረ። ወረቀቱም በሱሪዬ ኪስ ታጥቦ አለቀ፤
መንገዱን ማን እንዳዘዘኝ፣ ከእንግዲህ ማን አወቀ?

ባለፈው እሁድ፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ጫማዬን ሳስር፣
ዘርፌ ወጣች፣ በላስቲክ ጫማ፣ ምንም ሳትናገር።
«ወዴት?» ብላት፣ «ጥላዬን ልጠብቅ» አለች፤
«አራት ክረምት ሙሉ፣ ከእኔ ይልቅ ሐይቁን ያየች እሷ ነች።»

ዱካሞ ከፊት፣ ከጀልባዋ አፍንጫ በኩል ቦታ ለቀቀላት።
ዝናቡ ሲጀምር ጥላውን አልከፈተችም፤
መዳፏን ነው የዘረጋችው። አንድ ቃል አልወጣትም።
ዱካሞ ደኅናውን ጆሮ ወደ እሷ አዙሮ ጠበቀ፤
ከደንገሉ ወዲያ አንድ ድንጋይ ብቅ አለ፤
ጠለቀ።